ጡረታስ ዜና አይደለም ወይ?

በ1979 ዓ.ም. ከስድስት ኪሎ የተመረቅን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። «ልጆች» ማለቴ አፌ ለምዶ ነው እንጂ ታናሻችንም 60 እየደፈነ ነው። እዚያ ግሩፕ ውስጥ የሚለጠፈው ወሬ ከሦስት ዓይነት አያልፍም፤ እገሌ ተሾመ፣ የእገሊት ልጅ ካናዳ ገባች፣ እገሌ ዐረፈ። ለሹመቱ «እንኳን ደስ ያለህ» ይዘንባል፤ ለሞቱ «ነፍስ ይማር» ይከተላል። አብዛኞቻችን ሰሞኑን ያለፍንበት ጉዳይ ግን አይነሳም። «ጡረታ ወጣሁ» ብሎ የጻፈ አንድ ሰው አላየሁም። ሁሉም ዝም ነው። በኋላ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ስንገናኝ «አሁንም እዚያው መሥሪያ ቤት ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መሬት መሬት እያየ «ኧረ ወጣሁ እኮ፣ ዓመት አለፈኝ» ይላል። ብድር ያልመለሰ ሰው ይመስላል።

ይህ ዝምታ ጎድቶናል ባይ ነኝ። እኛን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቻችንንም።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከባቻችን ሌሎች አራት ሰዎች እዚሁ ሳይት ውስጥ እንደሚኖሩ ያወቅሁት አምና ነው፣ ያውም ቀብር ላይ። የቀረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ ነው ያለው። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዓመታት የጠበቀ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ዕጣው ሲወጣለት ብዙውን ጊዜ የደረሰው ከተማ ዳር ነው። እናም ዛሬ አዲስ አበባ ዳር ዳሩን በጡረተኛ ምሁር ተከባለች ብል ብዙም አላጋነንኩም። ማን የት እንዳለ ግን አናውቅም።

እኛ ብሎክ ምድር ቤት ላይ አንድ ሰው አለ። ከአምስት ኪሎ የወጣ መሐንዲስ ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍርና ፓምፕ ሲያስተክል ነው። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም አራተኛ ፎቅ የሚወጣበት ጉልበት የለውም። ኮሚቴው ከነዋሪው አዋጥቶ ፓምፕ ገዛ፤ ተቃጠለ። ሌላ ገዛ፤ እሱም ተቃጠለ። ሰውዬው ይህን ሁሉ በመስኮቱ እያየ ዝም አለ፤ የጠየቀው የለማ! ለጎረቤቱ እሱ ማለት ጠዋት ጠዋት በፌስታል ዳቦ ይዞ የሚመለስ ሽማግሌ ነው። ሦስተኛው ፓምፕ ሲገጠም ግን አላስቻለውም። በነጠላ ጫማ ወጣና ፓምፑን የሚገጥመውን ልጅ «የኔ ልጅ፣ የታችኛው ታንከር ባዶ ሲሆን ፓምፑን የሚያጠፋው ነገር የታለ?» አለው። ልጁ ጣራው ላይ ባለው ሮቶ ውስጥ ያለውን ማጥፊያ አሳየው። «እሱማ ሲሞላ ነው የሚያጠፋው። ታች ውሃ ሲያልቅ ፓምፑ በደረቁ ይሽከረከራል፤ ያቃጠለባችሁ ይኸው ነው።» ታችኛው ታንከር ውስጥ ውሃ ሲጎድል የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ተገጠመ፤ ፓምፑ እስከ ዛሬ ይሠራል። ሁለት ፓምፕ የከሰርነው እውቀት ጠፍቶ አልነበረም። እውቀቱ ከፓምፑ አሥር እርምጃ ላይ ዳቦውን እየበላ ነበር።

አሁን ብሎኩ በሙሉ «ኢንጂነር» ይለዋል። አንዳንዴ ሚስቱም።

ዝምታችን ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ሽኝቱ ራሱ ይመስለኛል። 38 ዓመት አገልግለህ አዳራሽ ውስጥ ያስቀምጡሃል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጡሃል፣ ጋቢ ያለብሱሃል። ጋቢ ክቡር ልብስ ነው፣ አልጠላም። ግን ያን ቀን ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ የተሰማኝ «ሂድና ተጠቅልለህ ተቀመጥ» የሚል ነገር ነበር። ቃሉም ቢሆን ያግዛል፤ ጡረታ ከመጦር ነው የመጣው። ተጧሪ ሆንክ ማለት ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቀባሪ ነው።

ሌላው ምክንያት ኪስ ነው። በጡረታ ሕጉ 10 ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 ነው። እኔ በ38 ዓመቴ 65 በመቶ ደረሰኝ። ሲሰሙት ደግ ነው። ነገር ግን የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ገበያ የወጣ ሰው ደግሞ የሦስት ዓመት አማካይ ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ከቤት መውጣት ራሱ የታክሲ ሂሳብ አለው። ሰው በዚህም ይሸሸጋል።

ስለዚህ «ጡረተኛ በነፃ ያገልግል» የሚለው ስብከት አይጥመኝም። ሰው ደክሟል፤ ማረፍ የሚፈልግ ይረፍ። እኔ የምለው ጠባብ ነው። ከ1957 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያስተምር ነበር፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። ታላላቆቻችን ዛሬም ሲያወሩን ዓይናቸው የሚበራው ያ ዓመት ሲነሳ ነው። ያኔ ማን የት እንደተመደበ በስም ዝርዝር ይታወቅ ነበር። እኛም እንዲያ ያለ ዝርዝር ያስፈልገናል፤ ማን ጡረታ ወጣ፣ የትኛው ሳይት ነው፣ ምን ይችላል፣ በየትኛው ቀን ይገኛል። በየወሩ ለለቅሶ ከምናዋጣው ላይ ትንሽ ቀንሰን፣ ሰፈሩ ላለ ትምህርት ቤት ወይም ለእድሩ የሚያግዝ ጓደኛችንን ትራንስፖርት ብንችልለት ሳጥናችን አይራቆትም። የሞተውን ለመቅበር የምንፈጥነውን ያህል በቁሙ ያለውን ብናገኘው ምናለ?

ባለፈው ወር እኔው ጀመርኩ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግሩፑ ውስጥ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ጡረታ ወጥቻለሁ። የካ አባዶ ነኝ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሒሳብ አግዛለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነኝ።» ብዙ ሰው አየው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ማንም ትንፍሽ አላለም። ከዚያ አንዱ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» አለ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ከዶርም ጀምሮ የማውቀው ጓደኛዬ ነው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ሐኪሙ ምን አለህ?»