ግመል ከካሜል አልመጣም

ስለ ግመል የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን «ግመል» ከእንግሊዝኛው «ካሜል» የመጣ ይመስላል የሚለው አንቀጽ የጉዞውን አቅጣጫ ገልብጦታል። ግዕዙ «ገመል» ይላል፣ ትግርኛውም እንደዚያው። ዕብራይስጡ «ጋማል»፣ አረብኛው «ጀመል» ነው። የሩቅ ዘመኑ የመስጴጦምያ ቋንቋ አካድኛ እንኳን «ገማሉ» የሚል ቃል ነበረው። ቃሉን ከሴማውያን ተቀብሎ «ካሜሎስ» ያለው ግሪኩ ነው። ከግሪክ ወደ ላቲን «ካሜሉስ» ሆኖ ተሻገረ፤ እንግሊዝኛውና ፈረንሳይኛው የተቀበሉት ከዚያ ነው። እንግዲህ የእኛ ቃል የካሜል ልጅ ሳይሆን የአባቱ ወንድም ነው ማለት ይቻላል።

ስለ «ገ» እና «ጀ» ትንሽ ልጨምር። የቆየው ድምፅ «ገ» ነው፤ ግዕዝ ጠብቆታል፣ አረብኛው ግን በአብዛኛው ወደ «ጀ» ለውጦታል። ካይሮ ላይ ዛሬም «ገመል» ነው የሚሉት። ሌላው ዓለም ጀማል የሚለውን ስም ግብፃውያን «ገማል» የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የቀድሞውን የግብፅ ፕሬዚዳንት ገማል አብደል ናስርን ያስታውሷል። (ስሙ ግን «ውበት» ማለት ነው እንጂ ከግመል ጋር አያገናኘውም። «ማ» ረዘም ብሎ ይነበባልና ጀማል የሚባሉ ወዳጆቼ አይቀየሙ!)

ጸሐፊው የሶማሊኛውን «ጌል» ሳይጠቅስ ማለፉም ገርሞኛል። ስለ ግመል እየተጻፈ ሶማሌን መርሳት ይከብዳል። ደግሞም ከፊደላችን አንዱ፣ «ገ»፣ በጥንታዊ ስሙ «ገምል» እንደሚባል ቢነሳ ጽሑፉ የበለጠ ይጣፍጥ ነበር።