ማስገባቱስ ይቻላል፣ ማውጣቱ ነው ጉዱ

«ጤነኛ በግ ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ይከታሉ አሉ። ግፍ አይደለም ወይ?» ደሴ ፒያሳ ሻይ ስንጠጣ አንድ ወዳጄ ያነሳው ጥያቄ ነው። ተነቃይ የመተንፈሻ ቧንቧ ስቴንት፣ ማለትም የጠበበ ቧንቧን ከፍቶ ይዞ ኋላ የሚወጣ ቱቦ፣ በእንስሳት ላይ እንደሚሞከር አንብቦ ተናዷል። ንዴቱ ይገባኛል። ሙከራው ግን ይቅር አልልም፤ እንዲያውም ይርዘም ባይ ነኝ።

ስቴንት ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው የልቡን ነው። ግን ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶለት የሰነበተ ሰውም የአየር ቧንቧው ጠባሳ ይዞ ሊጠብ ይችላል። ቲቢና ዕጢም ያጠቡታል። ያኔ ሐኪሙ የሲሊኮን ወይም የብረት መረብ ስቴንት ያስገባል። ሲሊኮኑ ለመውጣት ይቀላል፣ ግን ይንሸራተታል፣ አክታም ይይዛል። በብረቱ ቀዳዳዎች ደግሞ ትርፍ ሥጋ አድጎ ይውጠዋል። ከዚያ ወዲያ ማውጣት ማለት ከነሥጋው መቦጨቅ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 ካንሰር ለሌለበት ሕመምተኛ ሌላው አማራጭ ሁሉ ሳይታይ ብረቱን አትጠቀሙ ብሎ ያስጠነቀቀው ወዶ አይደለም።

ለበዓል በግ ሲበለት ቧንቧውን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። የልም አጥንት ቀለበቶቹ ዙሪያውን አይገጥሙም፤ በጀርባ በኩል ክፍት ናቸው። እዚያ ያለው ስስ ሥጋ ነው። የእኛም እንዲሁ ነው። በሳልን ቁጥር ያ ስስ ቦታ ወደ ውስጥ ገብቶ ስቴንቱን ይገፋዋል። በበግ ፋንታ በጎማ ቱቦ ይሞከር እንዳይባል፣ የጎማ ቱቦ አይስልም፣ ትርፍ ሥጋም አያበቅልም። (ፈረንጆቹ አሳማም ይጠቀማሉ። ወሎ ውስጥ እሱን የሚያረባ ፈልጉ እስቲ!)

መቸኮል ምን እንደሚያመጣ ስዊድን አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ፓኦሎ ማኪያሪኒ የተባለ ቀዶ ሐኪም በእንስሳት ላይ በወጉ ያልተፈተሸ የፕላስቲክ ቧንቧ ለአንድ ኤርትራዊ ተማሪ ተከለ። ተማሪው በ2014 አረፈ። ሐኪሙም በ2023 የሁለት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት።

እና የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ ስቴንቱ በጉ ውስጥ ሳምንታት ይቆይ፣ ይውጣ፣ ከወጣ በኋላም ቧንቧው ተመልሶ ይጠብ እንደሆነ ይታይ። በየጊዜው በካሜራ ያንኑ በግ ማየት ስለሚቻል፣ በየደረጃው ሌላ በግ ማረድ የግድ አይደለም። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1959 ሌላ መንገድ ካለ እንስሳ አትንኩ፣ ከሌለም ቁጥሩን ቀንሱ፣ ስቃዩን አቅልሉ ያሉት እዚህ ላይ ይሠራል።

ወዳጄን ይበልጥ የሚያናድድም አለኝ። ከወረኢሉ የመጣ ገበሬ ስቴንት ገባለት እንበል። «በቀጠሮህ አዲስ አበባ ና፣ ይወጣልሃል» ተባለ። መንገዱ ሩቅ ነው። አዝመራ ደረሰበት፣ ገንዘብ አጠረው፣ ቀጠሮው አለፈ። በልኩ በወጣ ስቴንት ብቻ የተሠራ ጥናት ለዚህ ሰው ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ጥቂት በጎች ቀኑ አልፎባቸው ይታዩ። ማስታገሻ ይሰጣቸው፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ወዲያው ይውጣላቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሰውም የእንስሳትም ሕክምና ያስተምራል። ሁለቱ ተቀምጠው ቢነጋገሩበት ምን አለ?