የአየሩ ካርቦን በጅማ የቡና ገለባ ውስጥ አለ

ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር እየለዩ ለነዳጅ፣ ለፕላስቲክና ለግንባታ ግብዓት የማዋል ሥራ በብዙ አገሮች ተስፋ ተጥሎበታል። እኔም ተስፋውን እጋራለሁ፤ ሆኖም ስለ እያንዳንዱ ምርት አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን ካርቦኑ በውስጡ ምን ያህል ዘመን እንደሚቆይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከሃይድሮጅን የሚሠራው ሜታኖል የተባለ ፈሳሽ ነዳጅ በተቃጠለ ጊዜ የያዘውን ጋዝ ወደ አየር ይመልሳል። በፋብሪካ ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚዘጋጀው ዩሪያም ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ካርቦኑን ይለቃል። ኮንክሪት ሲቦካ የሚጨመረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከሲሚንቶው ካልሲየም ጋር ተዋህዶ ወደ ድንጋይነት ስለሚለወጥ፣ ሕንጻው ቢፈርስ እንኳ እዚያው ይቀራል።

የኃይል ፍጆታውም ቀላል አይደለም። ከ1 ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ድርሻ ከ420 ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ይህን ያህል የሳሳ ጋዝ ለይቶ መሰብሰብ ብዙ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 አይስላንድ ውስጥ ሥራ የጀመረው ኦርካ የተባለ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር የሚለይ ጣቢያ፣ በዓመት እስከ 4,000 ቶን እንዲሰበስብ ታስቦ ሲሠራ ከከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ማመንጫ አጠገብ የተተከለው ለዚህ ነው።

በጅማ ይህን የመሰብሰብ ሥራ የቡና ተክል በፀሐይ ብርሃን ይሠራዋል። ከደረቅ ገለባ ክብደት ግማሽ የሚጠጋው ከአየር የተወሰደ ካርቦን ነው። ነገር ግን ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሲቀሸር የሚወጣው ገለባ ተከምሮ ሲበሰብስ ወይም ሲቃጠል፣ ካርቦኑ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ከእሸት ቡና ማጠቢያዎች የሚወጣው ልጣጭና ፍሳሽ ደግሞ ወንዝ ሲገባ ውኃውን ኦክስጅን ያሳጣዋል። ገለባው አየር በማይገባበት እቶን ቢከስል፣ ከካርቦኑ ግማሽ ያህሉ በቀላሉ በማይበሰብስ ከሰል ውስጥ ይቀራል፤ ሲከስል የሚወጣው ጋዝም ቡና ለማድረቅ የሚያገለግል ሙቀት ይሰጣል።

ባዮቻር የሚባለው ይህ ከሰል አፈር ውስጥ ሲገባ አሲድነትን ይቀንሳል፤ የአካባቢያችን በቆሎ አምራች ደግሞ የአሲዳማ አፈርን ጉዳት ጠንቅቆ ያውቃል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በባዮቻር ላይ ምርምር ሲያካሂድ ቆይቷል፤ ስለዚህ ትልቁ ጉድለት እውቀቱን ወደ መቀሸሪያው ደጃፍ የሚያደርስ መዋዕለ ንዋይ ነው።

ገለባው የማገዶ ከሰል ቢሆን ይሻላል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ በለጠ ገራ ከተባለው ደን የሚቆረጠውን እንጨት ሊተካ ስለሚችል ሐሳባቸው ክብደት አለው። ቢሆንም ምድጃ ውስጥ የነደደ ካርቦን ወደ አየር ስለሚመለስ፣ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት የመጀመሪያዎቹን እቶኖች ሲተክሉ ቢያንስ የምርቱን እኩሌታ ለአባሎቻቸው ማሳ ቢመድቡ እመርጣለሁ።