የ9 ሜጋ ባይት መስተንግዶ

የወሎ እንግዳ ተቀባይነት በእንጀራና በቡና ብቻ የሚያልቅ የሚመስለው ሰው የሆቴሎቻችንን ድረ ገጽ ከፍቶ አያውቅም ማለት ነው። ፎቶግራፉን ካሜራው እንደ ወለደው፣ ሳይቆርሱ ሳይቀንሱ፣ ከነ6000 በ4000 ፒክስሉ (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች)፣ ከነ9 ሜጋ ባይት ክብደቱ ያቀርቡልናል። የስልኬ ስክሪን ወርዱ 1080 ፒክስል ብቻ መሆኑ የእኔ ድህነት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ለወንድሜ ሰርግ እንግዶች ኮምቦልቻ ላይ አልጋ ለመያዝ አንድ ስልክ ቁጥር ፈለግሁ። ደሴ፣ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጬ የአንዱን ሆቴል ድረ ገጽ ከፈትሁ። ነጭ ገጽ መጣ። ቆይቶ ከላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ታየ፤ ሰማይ ይሁን መጋረጃ አልለየለትም። አክስቴ አቦሉን ቀድተው ጀባ አሉን። መጋረጃ መሆኑ ተረጋገጠ። ከመጋረጃው ሥር የአንድ ሰው ፀጉር ብቅ አለ፤ መካከሉ ሳሳ ያለ ነው። ፀጉሩ ላይ ብዙ ቆየን። ግንባሩ ሲመጣ አክስቴ አጎንብሰው አዩና «ይህ ደግሞ ማነው?» አሉ።

«ቅንድቡ ሲመጣ እነግርዎታለሁ።»

ቶናው ቀረበ፤ ቅንድብ፣ አፍንጫ፣ ጢም። በረካው ላይ ክራባቱ ደረሰ። ጥራቱ የሚያስመሰግን ነው፤ የክራባቱ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ቆጠርኋቸው፤ 31 ናቸው። አክስቴ መርቀው፣ ሲኒ አጥበው፣ ረከቦቱን ወደ ጥግ ሲገፉ ሰውየው ገና ወገብ አልነበረውም። እጆቹ ወደ ታች ተዘርግተዋል። ሪባን ይቁረጥ ኬክ ይቁረጥ ሳይታወቅ የዳታ ጥቅሌ አለቀ። (መልኩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ደብዘዝ አድርጎ አሳይቶ እያጠራ የሚሄድ፣ ጄፔግ የሚባለው የተለመደ የፎቶ ፋይል ዓይነትም አለ። እርሱን ቢጠቀሙ ኖሮ ይህ ሁሉ ደስታ ይቀርብን ነበር።)

ከለጋሾቹ መካከል በተለይ የማከብረው «አሳንሼዋለሁ» ባዩን ነው። የድረ ገጹ ኮድ ላይ የፎቶውን ወርድ 400 ብሎ ይጽፋል፤ ፎቶው ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ 9 ሜጋ ባይቱ ግን ከነሙሉ ክብሩ ይወርዳል። ጋቢውን አጣጥፎ ፌስታል ውስጥ ስለከተተው ቀለለልኝ የሚል ሰው የዋህ ነው፤ የዋህ ደግሞ ይወደዳል። የጦሳ ተራራን ጉም ፎቶ «ጥራቱ እንዳይጎዳ» ብሎ ፒኤንጂ በሚባለው የፋይል ዓይነት የሚያስቀምጠውም ወንድሙ ነው። ፒኤንጂ ለዓርማና ለጽሑፍ ይመቻል፤ ለፎቶግራፍ ሲሆን ግን ክብደቱን እጥፍ ድርብ ያደርገዋል። ለጋስ ሰው ይህን ይቆጥራል እንዴ?

ቋጣሪዎችም አሉ። ፎቶውን 1200 በ800 ያደርጉታል፤ 24 ሚሊዮን የነበረው ፒክስል 960 ሺህ ይሆናል፤ ከ25 አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ጥራቱን ከ100 80 ላይ አድርገው በጄፔግ ወይም ለድረ ገጽ በተሠራው በዌብፒ ያስቀምጡታል። ብዙውን ጊዜ ከ300 ኪሎ ባይት በታች ይገባል፤ በስልክ ላይ ልዩነቱን የሚያይ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሥራው አንድ ሲኒ ቡና እስኪቀዘቅዝ አይቆይም። ስስት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ባለፈው ወር አንዲት የጎረቤት ልጅ የሥራ ማስታወቂያ ለማንበብ 100 ሜጋ ባይት ጥቅል ገዛች። ከማስታወቂያው በላይ 11 የስብሰባ ፎቶ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ 9 ሜጋ ባይት። 99 ሜጋ ባይት ጭብጨባ አየች፤ 1 ተረፋት። በማግስቱ በቢሮ መስመር ከፈትሁላት። ማስታወቂያው ራሱ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ጠረጴዛ ላይ ፎቶ የተነሣ ነው፤ ጥጉ ላይ የሻይ ብርጭቆ ጥላ አለበት። ሁለት አንቀጽ! ቢተየብ ጥቂት ኪሎ ባይት ነበር። የምዝገባው ቀን ያለፈው ከፈትሁላት ዕለት ጠዋት ነው። እናንተ ተሰብስባችሁ ስታጨበጭቡ ያየቻችሁበትን ገንዘብ፣ ያመለጣትንም ቀን ማን ይመልስላታል? እኔ ይህን ከድሃ ኪስ መስረቅ እለዋለሁ።

ይቅርታ፤ ምስጋና ላይ ነበርን።

ስልኬን ኪሴ ከትቼ ታክሲ ያዝሁ፤ ሐረጎን ቁልቁል ተጠማዝዤ ኮምቦልቻ ገባሁ። የሆቴሉ ስልክ ቁጥር አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ከአስፋልቱ ማዶ ይነበባል። አልጋውን ያዝሁ። ያ ሰውዬ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ፣ በትልቅ ክፈፍ፣ ከነእግሩ ተሰቅሏል።

ኬክ ነው የሚቆርጠው።