ያልተጠራ ሹካ

የታዘዘ ምሳ ቤት ሲደርስ እንደ ሙሽራ በአጃቢ ነው የሚገባው። መጀመሪያ የወረቀት ከረጢቱ፣ አፉ በስቴፕለር ተመትቶ። ከውስጡ ፌስታሉ፤ ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ስለጠበቀ ሁሉም ሰው ይቀደዋል እንጂ አይፈታውም። ከዚያ ጥቁሩ ሳህን ከነክዳኑ፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ እንዳይፈስ የተጠመጠመ ስስ ላስቲክ። ሰላጣዋ መጨረሻ ላይ አንድ ጥግ ተሸማቅቃ ትገኛለች። ከጎኗ ሹካ፣ ማንኪያ፣ ቢላዋ፣ ሶፍትና የጥርስ መጎርጎሪያ ለብቻቸው ታሽገው ይጠብቃሉ።

እነዚህን ማን ጠራቸው? ምግቡ የታዘዘው ወደ ቤት ነው፤ ቤት ደግሞ ሹካ አይጠፋም። ቢሠሩ እንኳ መልካም ነበር። ማንኪያው ትኩስ ሾርባ ሲነካ ይልፈሰፈሳል፤ ሹካው ጠንከር ያለ ነገር ሲገጥመው ጥርሱን ያረግፋል።

ቢሆንም አይጣሉም። «ለአንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ ወደ መሳቢያ ይገባሉ። ያ መሳቢያ በየቤቱ አለ፤ ሊዘጉት ሲሉ አንድ ቢላዋ አፉ ላይ ተጋድሞ የሚከለክል። ሹካዎቹ ካበጡ የካቻፕ ከረጢቶች ጋር ያንን ቀን ሲጠብቁ ይኖራሉ። ያን ሁሉ ሹካ የሚፈልግ ቀን ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። መሳቢያው አልዘጋም ባለ ዕለት ከነማሸጊያቸው ተጠራርገው ይወጣሉ። ከፋብሪካ ተነሥተው ቆሻሻ መጣያ መድረስ ብቻ ነበር ሥራቸው፤ እሱንም በሚገባ ተወጥተውታል።

በቻይና አንድ ትልቅ የምግብ ማዘዣ መተግበሪያ በተወሰኑ ከተሞች ነገሩን ገለበጠው፤ ዝም ላለ ሰው መመገቢያ ዕቃ አይላክም፣ የፈለገ ይጠይቅ አለ። ላልጠየቀም ለዛፍ መትከያ የሚውል ነጥብ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ያለ መመገቢያ ዕቃ የሚታዘዘው ምግብ ድርሻ በ648 በመቶ አደገ። ስብከት አላስፈለገም። ሰዉ ሹካውን ድሮም አልፈለገውም፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ።

እኛ ግን ከመጠየቅ ይልቅ ኅሊናችንን ማጠብ እንወዳለን። ሳህኑን በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ ገልብጦ፣ በሦስት ማዕዘን ቀስት የተከበበችውን ቁጥር እንደ ሎተሪ ዕጣ የሚመረምር ሰው አይታችሁ ይሆናል። 5 ቁጥርን ሲያይ «ተመልሶ ይሠራል» ብሎ ፊቱ ይበራል። ቁጥሯ ግን የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው የምትናገረው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ያወጣት መለያ ናት፤ ተመልሶ ለመሠራቱ ዋስ አልሆነችም። ሳህኑ ጥቁር ከሆነማ የፕላስቲክ ዓይነቶችን በብርሃን የሚለየው የፋብሪካ መሣሪያ ብዙ ጊዜ አያየውም፤ ጥቁሩ ቀለም ብርሃኑን ይውጠዋል። «የወረቀት» የሚባለው የቡና ኩባያም ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ከበቆሎ የተሠራውና «ይበሰብሳል» የተባለለት ፕላስቲክም ቢሆን በወጉ የሚበሰብሰው 60 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የኮምፖስት ፋብሪካ ነው። ጓሮ ብትቀብሩት ተመቻችቶ ይተኛል።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ 20 እና ከዚያ በላይ መቀመጫ ያላቸው ምግብ ቤቶች እዚያው ለሚመገብ ደንበኛ በሚታጠብ ዕቃ እንዲያቀርቡ በሕግ አዛለች። ወንበር ይዞ ለተቀመጠ ሰው ሳህን ይታጠብለት ለማለት አዋጅ ያስፈለገበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

አንድ ወዳጄ አዋጅ ሳይጠብቅ ምሳ ዕቃውን ይዞ ወደ ምግብ ቤት ሄደ። አስተናጋጁ ዕቃውን እንደ ተጠርጣሪ ፊትና ኋላውን አየው። ኃላፊውን ጠራ። ተመካከሩ። ከዚያ ሾርባውን፣ «መጠኑ እንዳይዛባ» ብሎ፣ በሚጣለው ሳህን ልክ ሞላው፤ ከሳህኑ ወደ ምሳ ዕቃው ገለበጠ፤ ሳህኑን ጣለ። ምሳ ዕቃውንም ፌስታል ውስጥ ከትቶ አቀበለው።

«ፌስታሉ ይቅርብኝ» አለ ወዳጄ።

«እንዳይፈስብዎት ብዬ ነው።»

«ክዳን አለው እኮ።»

አስተናጋጁ በትሕትና ፌስታሉን መልሶ ተቀበለ። ደንበኛ የነካው ነገር ለሌላ ደንበኛ አይሰጥምና ወደ ቆሻሻው ወረወረው፤ የእጅ ጓንቱንም አውልቆ አስከተለው።