«የገበሬ ሚስት» አትበሏቸው

ባለፈው መከር እዚህ ካናዳ፣ ሳስካችዋን ውስጥ የአንዲት የ96 ዓመት አዛውንት ቀብር ላይ ነበርኩ። የሥራ ባልደረባዬ አያት ናቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ እቤታቸው ወስዳኝ ከእጃቸው በልቻለሁ፣ ስለዚህ ሐዘኑ የኔም ነበር። ቀብሩ ላይ የታደለው የሕይወት ታሪካቸው ግን እስካሁን ይከነክነኛል። «የገበሬ ሚስት፣ የአምስት ልጆች እናት» ይላል። በቃ።

እሳቸው ራሳቸው ገበሬ ነበሩ እኮ!

ልጅነታቸው ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ድርቅ ነው። ዝናቡ ጠፍቶ፣ ነፋሱ አፈሩን እያነሳ ቀኑን ያጨልመው ነበር፤ በዚያ ላይ የስንዴ ዋጋ ወድቋል። እናታቸው የዱቄቱን ከረጢት (እንደ አቡጀዴ ያለ ጨርቅ ነው) አጥበው ቀሚስ ይሰፉላቸው ነበር። ካገቡ በኋላ ደግሞ ላም ማለቡ፣ ክሬም ማውጣቱ፣ ዶሮው፣ የጓሮ አትክልቱ ሁሉ የእሳቸው ሆነ። ስኳሩንና የልጆቹን ጫማ የሚገዛው የእንቁላልና የክሬም ገንዘብ ነው፤ ስንዴው እንደሆነ ዓመት ያስጠብቃል፣ ያውም በረዶ ካልመታው። በመከር ጊዜ ምሳ ይዘው ማሳ ይወርዳሉ፣ ሠራተኛውን አብልተው ሳህኑን ይሰበስቡና እህል የተጫነውን መኪና ራሳቸው እየነዱ ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ወዳለው ትልቁ ጎተራ ይሄዳሉ። ማታ ተመልሰው ራት ይሠራሉ።

ታዲያ ለምን «ሚስት» ብቻ ይባላሉ? ነገሩ ከሥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው የካናዳ የመሬት ሕግ ለሰፋሪ በ10 ዶላር ክፍያ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር። 65 ሄክታር ገደማ ነው፣ በእኛ ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ። ሴት ግን ልጆች ይዛ እንደቀረች መበለት የቤተሰብ ኃላፊ ካልሆነች በቀር በስሟ መውሰድ አትችልም ነበር።

ደግሞ የድሮ ታሪክ ነው እንዳትሉኝ። አይሪን መርዶክ የምትባል፣ የጎረቤታችን ክፍለ ሀገር የአልበርታ ሴት ከብት እየነዳች፣ እየከተበች፣ ድርቆሽ እያጨደች፣ ትራክተር እየነዳች ከባሏ ጋር ለዓመታት ሠርታ፣ ሲለያዩ ከንብረቱ ድርሻዬን ብላ ከሰሰች። የመጀመሪያው ዳኛ የሠራሽው ማንኛዋም የከብት አርቢ ሚስት የምትሠራውን ነው አላት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1973 ድርሻ የለሽም ብሎ ፈረደባት። ብዙ ሰው ተቆጣ፣ ከዚያ በኋላ ነው ክፍለ ሀገሮቹ የባልና ሚስት ንብረት ሕጋቸውን የለወጡት። የመንግሥት የእርሻ ቆጠራ ራሱ እስከ 1991 ድረስ ለአንድ እርሻ አንድ ገበሬ ብቻ ነበር የሚመዘግበው። ያ አንድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። በእኛም አፍ ገበሬ ሲባል ቶሎ ፊታችን የሚመጣው ሞፈር የተሸከመ ወንድ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ባልደረባዬ የአያቷን ደብተሮች አሳየችኝ። የተዘራበት ቀን፣ የዘነበው ዝናብ፣ የወለዱት ላሞች፣ የተሸጠው እንቁላል፣ የተከፈለው ዕዳ፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ የተጻፈ ነው፣ ዓመት ሳይዘል። የመቃብሩ ድንጋይ ገና አልተቀረጸም። ከስማቸው ስር «ገበሬ» ተብሎ ይጻፍ አልኳት። ለወንድሞቼ እነግራቸዋለሁ ብላለች።