ማን እንደተወኝ ልወቅ ወይስ ይቅርብኝ?

ኢንስታግራም ተከታይ ሲቀንስ ማን እንደወጣ አይናገርም። «እኛ እንንገርህ» የሚሉ አፖች የበዙት ለዚህ ነው። ተከራካሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከቤቷ ሆና የልጆች ልብስ ትሸጣለች፣ ሌላው ገላን ላይ ስልክ ይጠግናል።

ነጋዴዋ፦ ሱቄ ስልኬ ነው። መርካቶ ያለ ነጋዴ ደንበኛው ጎረቤት ሲገባ በዓይኑ ያያል፤ እኔ የማየው ቁጥር ሲቀንስ ብቻ ነው። የሞተረኛ ዋጋ የጨመረ ሰሞን ተከታዮቼ ሳሱ። ስማቸውን በአፑ ሳይ፣ አብዛኞቹ ፒያሳና ሽሮ ሜዳ የማደርስላቸው ናቸው። የሰፈሬ ሰው አልሄደም። ልብሱን እንዳልጠሉት ገባኝና የሩቁን ትዕዛዝ ሰብስቤ በሳምንት አንዴ መላክ ጀመርኩ። ቁጥር ብቻውን ይህን አይነግረኝም ነበር።

ጠጋኙ፦ እህቴ፣ ስም ማወቅሽን አልቃወምም። ግን ፓስወርድሽን ሰጥተሻል። እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ኢንስታግራም የተከታይ ዝርዝር ለውጭ አፖች የሚሰጥበትን በር ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ፓስወርድ የሚጠይቅሽ አፕ የሚገባው አንቺን መስሎ ነው። ስልኬ ተበላሸ ብሎ የሚመጣ ሰው አለ፤ ሳየው ስልኩ ደህና ነው፣ የተወሰደው አካውንቱ ነው። ለዚያ የሚሆን መፍቻ የለኝም። እውነቴን ነው፣ ያን ሰው ባዶ እጁን መሸኘት ያመኛል።

ነጋዴዋ፦ ታዲያ ዓይኔን ልጨፍን?

ጠጋኙ፦ የለም። ኢንስታግራም ራሱ የራስሽን መረጃ ያስወርድሻል፤ የተከታዮችሽ ዝርዝር እዚያ ውስጥ አለ። ዛሬ አውርጂ፣ ከወር በኋላ ድገሚ፣ ሁለቱን አስተያዪ። ደግሞ ከዝርዝሩ የጠፋ ሁሉ አልተወሽም፤ አካውንቱን የዘጋም፣ ስሙን የቀየረም አለ። እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ኢንስታግራም ሐሰተኛ አካውንቶችን ሲጠርግ ዝነኞች በሚሊዮን ተከታይ ጎድሎባቸዋል።

ነጋዴዋ፦ ወንድሜ፣ ልጅ ታቅፌ ሁለት ሺህ ስም አላስተያይም። አፑ በአንድ ንክኪ ያሳየኛል። ካየሁ በኋላ ፓስወርዴን እቀይራለሁ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አስገባለሁ።

ጠጋኙ፦ በወሩ አዲሱን ፓስወርድ መልሰሽ ልትሰጪው? ማረጋገጫ ኮድ ሲመጣም አፑ ይጠይቅሻል፣ ቸኩለሽ ትሰጪዋለሽ። ፋይሎቹን አምጪልኝ፤ ኤክሴል ላይ ልዩነቱን አወጣልሻለሁ።

ነጋዴዋ፦ ፋይሎቹን አመጣለሁ። ስሞቹን ካላገኘሁባቸው ግን ወደ አፑ እመለሳለሁ።